ኦፕነር ምንድን ነው? ለመጀመሪያ ጊዜ ፓወርሊፍቲንግ ለሚወዳደር ሰው

ኦፕነር ማለት ፓወርሊፍቲንግ ውድድር ላይ በየእንቅስቃሴው መጀመሪያ የምትጠራው ክብደት ነው። ትርጉሙ በቃ ይሄው ነው፣ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወዳደር ሰው ቀኑ የሚያምርለትም የሚበላሽበትም በዚህ ቁጥር ስለሆነ ትንሽ ዘርዘር ላድርገው።

ውድድር አይተህ ለማታውቅ ባጭሩ፣ ስኳት (ብረቱን ትከሻ ላይ አድርጎ ቁጢጥ ብሎ መነሳት)፣ ቤንች ፕሬስ (አግዳሚ ላይ ተኝቶ ከደረት ወደ ላይ መግፋት)፣ ዴድሊፍት (ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም) በዚህ ቅደም ተከተል ይነሳሉ፣ ለእያንዳንዱ 3 ሙከራ አለህ፣ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ውለህ መድረክ ላይ የምታነሳው 9 ጊዜ ብቻ ነው። ከየአንዱ የተሳካልህ ትልቁ ይወሰድና ተደምሮ ቶታል ይባላል፣ ደረጃ የሚወጣውም በሱ ነው። አሁን ዋናው ነገር፣ አንዴ የሞከርከውን ክብደት መቀነስ አይቻልም። ካልተሳካልህ ወይ ያንኑ ትደግማለህ ወይ ትጨምራለህ፣ ወደ ታች የሚባል ነገር የለም። ኦፕነርህን ከአቅምህ በላይ ከጠራህ ያው ብረት ሶስቴም እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል ማለት ነው፣ ሶስቱም ካመለጡህ ደሞ ቶታል የለህም፣ ሌሎቹን ሁለቱን የፈለገ ያህል ብታነሳም። ይሄንን ነው ቦምብ አውት የሚሉት።

የጀማሪ ችግር ብቻ እንዳይመስልህ። የኦሎምፒኩ ክብደት ማንሳት (ስናች እና ክሊን ኤንድ ጀርክ ያለው) ሌላ ስፖርት ነው፣ ግን እዚያም ሶስት ሙከራ ነው፣ እዚያም መቀነስ የለም። የቱርኩ ናይም ሱሌይማኖግሉ እ.ኤ.አ. በ1988፣ በ1992 እና በ1996 በተከታታይ የኦሎምፒክ ወርቅ ወስዶ ሲድኒ 2000 ላይ ስናችን በ145 ኪሎ ጀመረ፣ ሶስቴም አመለጠው፣ በቃ ወጣ። ፓሪስ 2024 ላይ ደሞ በሪዮም በቶኪዮም ወርቅ ያገኘው ቻይናዊው ሺ ዢዮንግ ስናች ላይ 165 አንስቶ እየመራ ነበር፣ ክሊን ኤንድ ጀርክን በ191 ጀመረና ሶስቴም አልሆነም፣ ወርቁን የኢንዶኔዢያው ሪዝኪ ጁኒያንሳህ ወሰደው። እነሱስ ወርቅ ፍለጋ ነው የሄዱት፣ መድፈር ነበረባቸው። አንተ የመጀመሪያ ውድድርህ ላይ ከማን ጋር ተፎካክረህ ነው?

እና ስንት ልጥራ? የተለመደው መልስ፣ እንቅልፍ ባልተኛህበት ቀንም ቢሆን ሶስት ሬፕ (ሶስት ጊዜ በተከታታይ) የምትሰራው ክብደት፣ በፐርሰንት ከማክስህ (አንዴ ብቻ ማንሳት ከምትችለው ትልቁ) 90 አካባቢ ነው። ግን የቱ ማክስ? ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው፣ ምክንያቱም ጂም ውስጥ የምናነሳው እና ዳኛ ፊት የምናነሳው አንድ አይደለም። ሶስት ዳኞች አሉ፣ ቢያንስ ሁለቱ ነጭ መብራት ካላበሩልህ አልተነሳም። ስኳት ላይ የዳሌህ እጥፋት ከጉልበትህ አናት በታች መውረድ አለበት፣ ጂም ውስጥ «ወረድኩ» ከሚሉት ሰዎች ስንቱ እንደማይወርድ በጎን በኩል ቪዲዮ ቀርጸህ እየው። ትእዛዝም አለ፣ ዳኛው «ስኳት» ሳይልህ አትወርድም፣ ቆመህ «ራክ» ሳይልህ ብረቱን አትመልስም። ቤንች ይባስ ነው፣ «ስታርት» ሲልህ ታወርዳለህ፣ ደረትህ ላይ አስቁመህ «ፕሬስ» እስኪልህ ትጠብቃለህ፣ ገፍተህ ከጨረስክም በኋላ «ራክ» እስኪልህ ትይዛለህ። ያቺ ደረት ላይ የምትጠበቀው አፍታ ሁልጊዜ ብረቱን ደረቱ ላይ እያነጠረ ለለመደ ሰው ጉድ ነው የምትሰራው። ስፖተርህ (ብረቱ እንዳይወድቅብህ አጠገብህ ቆሞ የሚጠብቅህ ሰው) «አይዞህ፣ ጨርሰው» እያለ በሁለት ጣቱ የረዳህ ቤንችማ ጭራሽ አይቆጠርም። ዴድሊፍት ላይ ያለው ትእዛዝ አንድ ብቻ ነው፣ ቀጥ ብለህ ቆመህ «ዳውን» እስኪልህ መያዝ፣ ከዛ በእጅህ ይዘህ ማውረድ ነው እንጂ ከላይ ለቆ መጣል የለም።

(እዚህ የምጽፈው በ1972 የተመሰረተውን የዓለም አቀፉን ፌዴሬሽን የአይፒኤፍን ህግ ይዤ ነው፣ ሌሎች ፌዴሬሽኖች በአንዳንድ ነገር ይለያሉ፣ የተመዘገብክበትን የውድድር ህግ አንብበው ባክህ።)

ስለዚህ ማክስህን መጀመሪያ በህጉ ለካው፣ ጓደኛህ ትእዛዙን እየጠራልህ። እንበል በደንብ ወርደህ ያነሳኸው ትልቁ ስኳት 160 ኪሎ ነው፣ ኦፕነርህ 145 ይሁን፣ ሁለተኛው 152.5፣ ሶስተኛው እንደ ቀኑ 160 ወይም 162.5። ጭማሪው በ2.5 በ2.5 ነው። አሜሪካ ያላችሁ ልጆች ደሞ ጂማችሁ በፓውንድ ነው፣ ውድድሩ ግን በኪሎ ነው የሚጠራው፣ 315 ፓውንድ ወደ 143 ኪሎ ይመጣል፣ ይሄንን ቤት ቁጭ ብላችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት እንጂ እዚያ ልብ እየመታ ማካፈል አይሆንም።

145 ያንስብኛል የሚል አይጠፋም። እኔ እንደማየው ኦፕነር ከፍ የሚያደርገው ጉልበት ሳይሆን ይሉኝታ ነው፣ የአክስት ልጅ ሊያይ መጥቷል፣ አንዱ ስልክ ደቅኗል፣ ሰው ምን ይለኛል። ማንም ሰው ኦፕነርህን አያስታውስም፣ እኔም የማንንም አላስታውስም። ደሞ የመጀመሪያው ስኳት ላይ የሚጥልህ ብዙ ጊዜ ክብደቱ አይደለም፣ ድንጋጤው ነው፣ «ራክ» ሳይባል ብረቱን መመለስ ምናምን። ክብደቱ ቀላል ከሆነ ቀይ መብራት ቢሰጡህም ተመልሰህ ያንኑ በስርአቱ ታነሳዋለህ፣ ሙከራ አንዱ ሄደ እንጂ ቀኑ አልሄደም። ከባድ ከሆነ ግን ደክመህ ያንኑ ከባድ ነገር ልትደግም ነው።

በውድድሩ ቀን ሚዛን የሚጀምረው መድረኩ ሊከፈት 2 ሰዓት ሲቀረው ነው፣ ለ1 ሰዓት ተኩል ይቆያል፣ ሶስቱንም ኦፕነሮችህን የምትሰጠው ያኔ ነው። የስኳትና የቤንች ብረት ማስቀመጫህን ከፍታም ይጠይቁሃል፣ ቀድመህ ለክተህ እወቀው። ለመጀመሪያ ውድድር ክብደት ለመቀነስ ራስህን ማስራብ አያስፈልግም፣ የሆንክበት ኪሎ ላይ ተወዳደር። ጿሚ ከሆንክና ውድድሩ ዐቢይ ጾም ላይ ከወደቀ፣ በተለይ እስከ 9 ሰዓት የምትቆይ ከሆነ፣ ከተለመደው 5 ወይም 7.5 ኪሎ ዝቅ ብታደርግ የሚያፍርብህ የለም።

የጻፍከው ቁጥር ደሞ በድንጋይ ላይ አልተጻፈም። የእንቅስቃሴው የመጀመሪያ ዙር ሊጀምር 3 ደቂቃ እስኪቀረው ድረስ ኦፕነርህን አንዴ መቀየር ይቻላል፣ ወደ ላይም ወደ ታችም፣ ኦፕነርህን መቀነስ የሚፈቀድህ ብቸኛው ሰአት ይሄ ነው። ማሟሟቂያ ላይ የመጨረሻው ማንሻህ ከኦፕነርህ 10 ኪሎ አካባቢ ያነሰ ይሁን፣ እሱ ከከበደህ ኩራቱን ትተህ ወደ ጠረጴዛው ሂድና አስቀንስ። ካነሳህ በኋላ ደሞ የሚቀጥለውን ለመጥራት ያለህ 1 ደቂቃ ነው፣ ዝም ካልክ ተሳክቶልህ ከሆነ ራሳቸው 2.5 ይጨምሩልሃል፣ ካልተሳካ ያንኑ ይደግሙልሃል። ኮች ከሌለህ ጓደኛህን ለዚች ስራ ብቻ ብለህ ይዘኸው ሂድ፣ አንተ እያለከለክ መቁጠሩን ትረሳዋለህ።

የሶስቱ ኦፕነሮች አንድ አይነት አይደሉም። የስኳቱ ድንጋጤ የሚያስወጣልህ ነው። የቤንቹ ላይ በተለይ ቆጠብ በል፣ ምክንያቱም ቤንች ቀስ እያለ አይደለም የሚከብደው፣ 2.5 ኪሎ ብቻ ጨምረህ ጭራሽ ላይነቃነቅ ይችላል። ዴድሊፍት ላይ ስትደርስ ሰአታት አልፈዋል፣ እግርህ በስኳት ደክሟል፣ ግን ስኳትና ቤንች ከያዝክ ያቺ አንድ ዴድሊፍት እንደተነሳች ቶታል አለህ፣ ስለዚህ እሷን ከሁሉም በላይ ቀላል አድርጋት፣ ከማክስህ 88 ፐርሰንት ብትሆንም ምንም አይደል። ማበድ ካማረህ ሶስተኛው ዴድሊፍት አለልህ፣ የሱን ቁጥር ብረቱ ላይ ዲስኩ ተጭኖ እስክትጠራ ድረስ ሁለቴ መቀየር ስለሚፈቀድ ሌሎቹ ያነሱትን አይተህ ትወስናለህ።