ሥነ ሥርዓታዊ ፍትሕ ሲባል ምን ማለት ነው?

ሥነ ሥርዓታዊ ፍትሕ የሚለውን ስያሜ ብዙዎች የፍርድ ቤት ጉዳይ ብቻ አድርገው ይወስዱታል፤ ከእኩል ክፍፍል ጋር የሚያምታቱትም አሉ። የክፍፍል ፍትሕ የሚጠይቀው ማን ምን ያህል አገኘ ብሎ ሲሆን፣ ሥነ ሥርዓታዊ ፍትሕ ግን ውሳኔው ላይ የተደረሰበትን መንገድ ይመረምራል። ተመራማሪዎቹ ጆን ቲቦ እና ሎረንስ ዎከር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባደረጓቸው ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ሰዎች ጉዳያቸውን የማስረዳት ዕድል ሲያገኙ የተረቱበትን ውሳኔ እንኳ ይበልጥ ፍትሐዊ አድርገው ያዩታል። ሌላው ተመራማሪ ጀራልድ ሌቨንታል እ.ኤ.አ. በ1980 ካስቀመጣቸው የፍትሐዊ አሠራር መመዘኛዎች መካከል ወጥነት፣ ከአድልዎ መጽዳት፣ ትክክለኛ መረጃና ስሕተት የሚታረምበት በር መኖሩ ይገኙበታል።

ሥነ ሥርዓታዊ ፍትሕ በቡድን ውስጥ ካለ ትብብር ጋር የሚያያዝበትን ምክንያት ተመራማሪዎቹ አላን ሊንድ እና ቶም ታይለር ያስረዱበት መንገድ ለእኔ እጅግ አሳማኝ ነው፦ አባላት ከአሠራሩ የሚያነቡት በቡድኑ ዘንድ ያላቸውን ክብር ነው። የሌሊት ፈረቃ የደረሰውን ሠራተኛ አስቡት። ኃላፊው አስቀምጦ ቅሬታውን ካዳመጠውና ፈረቃውን መለወጥ ያልተቻለበትን ምክንያት ከነገረው፣ ሠራተኛው ድልድሉን ባይወደውም የቡድኑ አካል መሆኑን ስለሚያምን ያልታዘዘውን ሥራ ጭምር ያግዛል፤ ያው ድልድል ያለ አንዳች ቃል ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍበት ግን የታዘዘውን ብቻ ፈጽሞ ወደ መውጣት ያዘነብላል። ዋናው ነገር መደመጡ ከልብ መሆኑ ነው፤ ያለቀለትን ውሳኔ «አስተያየት ስጡበት» እያሉ ማቅረብ፣ ሰዎቹ ቃላቸው እንዳልተመዘነ ሲገባቸው፣ ጭራሽ ካለመጠየቅ የባሰ ምሬት ሊያስከትል ይችላል።