ጋዜጣ ላይ «ጠፋች» የተባለች መርከብ ምን ሆናለች ማለት ነው?

የ19ኛውን መቶ ዘመን ማብቂያና የ20ኛውን መባቻ የእንግሊዝ፣ የአውስትራሊያ ወይም የኒውዚላንድ ጋዜጦች የሚያገላብጥ ሰው ስለ መርከቦች ሦስት ቃላት ደጋግሞ ያገኛል፦ «ዘገየች»፣ «ሰጠመች»፣ «ጠፋች»። ሦስቱ አንድ አይደሉም። «ሰጠመች» ሲባል ያየ ሰው ወይም የተገኘ ስባሪ አለ። «ዘገየች» ስጋት ነው። «ጠፋች» ግን ብዙ ጊዜ ከዜናም ያለፈ ውሳኔ ነው፤ ለንደን ያለው የሎይድስ መድን ገበያ ኮሚቴ የመርከቧን ስም ከጠፉት ጋር ለጥፏል ማለት ነው። (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ገመድ አልባ መገናኛ ከመስፋፋቱ በፊት ከወደብ የወጣች መርከብ በሕይወት መኖሯ የሚታወቀው ሌላ መርከብ መንገድ ላይ ስታገኛት ነበር። ቀን ቀን በባንዲራ፣ ማታ በመብራት ይነጋገራሉ። በ1857 የወጣው የንግድ መርከቦች የምልክት መጽሐፍ በ18 ባንዲራዎች ይሠራ ነበር፤ እያንዳንዱ ባንዲራ አንድ ተነባቢ የላቲን ፊደል ነው። አናባቢዎቹ የቀሩት ባንዲራዎቹ ሲደረደሩ ሳይታሰብ ጸያፍ ቃል እንዳይወጣ ነው ይባላል። ጋዜጦች ይህንን መረጃ «የተነጋገሩ» በሚል ዓምድ አጭር አድርገው ያትሙታል፦ የመርከቧ ስም፣ ከየት ወዴት፣ ቀን፣ ኬክሮስና ኬንትሮስ። ጀማሪ አንባቢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወሬው የሚደርሰው ያየቻት መርከብ ወደብ ስትገባ ስለሆነ ጋዜጣው የታተመበት ቀንና መርከቧ የታየችበት ቀን በሳምንታት ሊራራቁ ይችላሉ። ከቁጥር ቀጥሎ «አልት.» የሚል አሕጽሮት ካለ ያለፈው ወር፣ «ኢንስት.» ካለ ይኸው ወር ማለት ነው።

ነገሩን በአንድ መርከብ እንከተለው። ዋራታህ 211 ሰዎች አሳፍራ ሐምሌ 26 ቀን 1909 ከደቡብ አፍሪካዋ ወደብ ከደርባን ወደ ኬፕ ታውን ተነሣች። የሦስት ቀን መንገድ ነው። በማግስቱ ጠዋት ክላን ማኪንታየር ከምትባል መርከብ ጋር ምልክት ተለዋወጠች፤ ዋራታህ ፈጣን ስለነበረች ቀድማ ከዓይን ተሰወረች። የገመድ አልባ መሣሪያ አልነበራትም። ከዚያ በኋላ በእርግጠኝነት ያያት የለም።

ታዲያ ለምን ወዲያው «ጠፋች» አልተባለችም? ሞተር የተበላሸባት መርከብ ሳትሰጥም ለወራት ልትንሳፈፍ ስለምትችል ነው። በ1899 ዋይካቶ የተባለች መርከብ ከደቡብ አፍሪካ በስተደቡብ የማሽከርከሪያ ዘንጓ ተሰብሮ ከ3 ወር በላይ ስትንሳፈፍ ቆይታ በመጨረሻ ሌላ መርከብ ጎትታ አውስትራሊያ አድርሳታለች። ስለ ዋራታህም የጻፉ ሰዎች ይህንኑ ያነሡ ነበር። ተስፋው ጠንካራ ከመሆኑ የተነሣ ነሐሴ ላይ አንዲት መርከብ ቀስ እያለች ወደ ደርባን ስታመራ ታየች የሚል ቴሌግራም አውስትራሊያ ሲደርስ የተወካዮች ምክር ቤት ስብሰባውን አቋርጦ ወሬውን አነበበ። መርከቧ ግን ሌላ ነበረች። እንዲህ ያለ የምሥራች በአንድ ጋዜጣ ካገኙ የሚቀጥሉትን ቀናት እትሞች ሳያዩ አይመኑት፤ ማስተባበያው ብዙ ጊዜ በትንሽ ፊደል ጥግ ላይ ነው የሚወጣው።

በዚህ የመጠበቂያ ጊዜ ሎይድስ ውስጥ ሌላ ገበያ ይደራል፤ የዘገዩ መርከቦች የጠለፋ መድን። ለመርከቧ የ1,000 ፓውንድ መድን የሰጠ ሰው ሲፈራ ለሌላ ደፋር መድን ሰጪ (ጠላፊው የሚባለው እሱ ነው) አረቦን፣ ማለትም የመድን ዋጋ፣ ከፍሎ ኃላፊነቱን ያስተላልፋል። አረቦኑ ከመቶ ፓውንድ 80 ጊኒ ደረሰ እንበል። አንድ ጊኒ 21 ሽልንግ፣ ማለትም 1 ፓውንድ ከ1 ሽልንግ ስለሆነ 840 ፓውንድ ይከፍላል። መርከቧ ከቀረች ጠላፊው 1,000 ይከፍለዋል፤ የመጀመሪያው ለባለመርከቧ ከሚከፍለው 1,000 ውስጥ 160ውን አዳነ። መርከቧ ብቅ ካለች ጠላፊው 840ውን ኪሱ ከተተ። ጭካኔ ይመስላል፤ ነውም። ለጋዜጣ አንባቢ ግን ጠቃሚ ነው፦ የአረቦኑ መውጣትና መውረድ ባለሙያዎቹ በዚያ ቀን ምን ያህል ተስፋ እንደነበራቸው ይነግራል።

ኮሚቴው በመጀመሪያ «ስለዚህች መርከብ ወሬ ያለው ይንገረን» ብሎ ይለጥፋል። ምላሽ ሲጠፋ «ጠፍታለች» ብሎ ይለጥፋል፤ ያኔ የመድን ገንዘቡ ይከፈላል። የ1906ቱ የእንግሊዝ የባሕር መድን ሕግ በአንቀጽ 58 ተገቢ ጊዜ ካለፈና ወሬ ካልተገኘ መርከቧ ሙሉ በሙሉ እንደጠፋች ሊገመት ይችላል ይላል። ተገቢው ጊዜ ስንት ቀን እንደሆነ አይቆርጥም፤ እንደ መንገዱ ርዝመትና እንደ መርከቧ ዓይነት ይለያያል። ዋራታህ የተለጠፈችው ታኅሣሥ 15 ቀን 1909 ነው፤ ደርባንን ከለቀቀች በ142 ቀኗ።

ለመርከበኞቹ ቤተሰብ የሚከብደው ቀን ግን የተለጠፈችበት አልነበረም። በ1894ቱ የንግድ መርከቦች ሕግ መሠረት መርከብ ስትጠፋ የመርከበኛው ደመወዝ በዚያው ቀን ያበቃል። ከወደብ ከወጣች 12 ወር ሆኗት ምንም ያልተሰማባት መርከብ ከነሠራተኞቿ እንደጠፋች ትቆጠራለች፤ የጠፋችበትም ቀን፣ ፍርድ ቤቱ ሌላ ቀን ይመስላል ካላለ በስተቀር፣ ለመጨረሻ ጊዜ ወሬዋ የተሰማበት ነው። ሚስቲቱ በሩን እያየች የጠበቀችባቸው ወራት አይከፈሉም። ይህ የተሻሻለው በ1925 ነው፤ ከዚያ በኋላ መርከብ በመጥፋቷ ሥራ ላጣ መርከበኛ እስከ 2 ወር የሚደርስ ክፍያ ተፈቀደ።

ስለዚህ አንዲት መርከብ መቼ እንደቀረች ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከተለጠፈችበት ቀን ወደ ኋላ ይሂድ፦ የመነሻ ወደቧን የ«ወጡ» ዓምድ፣ ቀጥሎ «የተነጋገሩ»ን፣ ቀጥሎ የዘገዩትን ዝርዝር ይይ። ተመሳሳይ ስም ያላቸው መርከቦች ብዙ ስለነበሩ የካፒቴኑን ስምና የመነሻ ወደቡን ሁልጊዜ ያመሳክር። ስብርባሪ ተገኘ ቢባል እንኳ ማመሳከሩ አይቀርም። በ1999 ዋራታህ ተገኘች ተብሎ ነበር፤ በ2001 ጠላቂዎች ሲያረጋግጡ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሰጠመችው ኔይልሲ ሜዶ ሆና ተገኘች።