ቦክሰኛ «ጊዜው አልፏል» የሚባለው መቼ ነው?

በተደጋጋሚ ስለምናምታታው፣ ሽንፈትም ሆነ ዕድሜ ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን ማስቀደም ይገባል፤ ጆርጅ ፎርማን እ.ኤ.አ. በ1994 ማይክል ሙረርን በ10ኛው ዙር በዝረራ አሸንፎ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሲሆን 45 ዓመቱ ነበር። አስተማማኙ ምልክት፣ ቦክሰኛው ቀድሞ በቀላሉ ያመልጥ የነበረውን ቡጢ እያየው መመታቱ፣ ክፍተት አይቶም እጁ ዘግይቶ መድረሱ፣ ይህም በተከታታይ ግጥሚያዎች መደጋገሙ ነው። መልክ ግን ያታልላል፤ መሐመድ አሊ በ1980 ከላሪ ሆምስ ጋር ሲገጥም በ38 ዓመቱ ሰውነቱ ቀጥኖ ወጣት ይመስል ነበር፤ ሆኖም 10 ዙር ሙሉ መልስ መስጠት ተስኖት ስለተደበደበ (ማየቱ ዛሬም ያሳዝናል) አሠልጣኙ አንጀሎ ዳንዲ ግጥሚያውን አስቆመ። ከሰው ሰው የሚለያየው ጊዜው ነው፦ በፍጥነቱ የሚተማመን ቦክሰኛ አብዛኛውን ጊዜ ብቃቱ ቀድሞ ይቀንሳል፣ የጡጫ ኃይል ግን እንደ ፎርማን ላሉት ረጅም ዘመን ይቆያል።