የማውረጃ ታኮ ምንድን ነው? ትንሽ ፒካፕ በትንሽ ብር ዝቅ ማድረግ

ፒካፕ ዝቅ ለማድረግ ብዙ ብር የሚያስፈልግ ይመስላል። አያስፈልግም። የኋላውን ሥራ የሚሠራው አንድ ቁራጭ ብረት ነው፣ በግራ አንድ በቀኝ አንድ፣ በቃ። አሜሪካኖቹ ሎዌሪንግ ብሎክ ይሉታል። እኔ ታኮ እለዋለሁ፣ ምክንያቱም ታኮ ነው፦ በሁለት ነገሮች መሃል ገብቶ አንዱን ከሌላው የሚያርቅ።

ታኮው የሚገባው በባሌስትራው፣ ማለትም ክብደቱን በሚሸከሙት ተደራራቢ የብረት ቅጠሎች፣ እና የኋላ ጎማዎቹን በሚያገናኘው አክስል መሃል ነው። ሁለት ኢንች ውፍረት ያለው ታኮ ካስገባችሁ መኪናው ከኋላ ሁለት ኢንች፣ ማለትም አምስት ሳንቲሜትር ገደማ ይወርዳል። ባሌስትራው አይቆረጥም፣ በእሳት አይነካም፣ ጥንካሬው እንዳለ ይቆያል። ነገ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ታኮውን አውጥታችሁ መኪናውን እንደነበረ ትመልሱታላችሁ። እኔ ከሌላው ዘዴ ሁሉ ይህን የምመርጠው ለዚህ ነው።

ግን ቆይ፣ መሃል ላይ ብረት ሲገባ መኪናው ከፍ ማለት አልነበረበትም? ጥያቄው ትክክል ነው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ፎር ዊል ባልሆኑት በአብዛኞቹ ትንንሽ የጃፓን ፒካፖች ባሌስትራው የሚታሰረው ከአክስሉ ሥር ነው። አክስሉ ከጎማው ጋር ስለሆነ ከፍታው አይቀየርም። ታኮው ሲገባ ባሌስትራው ወደ ታች ይገፋል፣ ባሌስትራው የተሸከመው ሻንሲም (የመኪናው የብረት አጽም) ተከትሎት ይወርዳል። በፎር ዊሎቹ ግን ባሌስትራው ብዙውን ጊዜ ከአክስሉ በላይ ስለሆነ ያው ታኮ መኪናውን ወደ ላይ ያነሳዋል። ስለዚህ ምንም ሳትገዙ በፊት የእጅ ባትሪ ይዛችሁ በኋላው ጎማ ጀርባ ጎንበስ በሉና እዩ። ባሌስትራው ከላይ ከሆነ ይህ ዘዴ ለእናንተ መኪና አይደለም።

ልማዱ ያደገው ካሊፎርኒያ ነው። በ1970ዎቹ ትንንሽ የጃፓን ፒካፖች በብዛት ገቡ፦ ዳትሰን፣ ቶዮታ፣ ማዝዳ የሠራው ፎርድ ኩሪየር፣ አይሱዙ የሠራው ሼቭሮሌ ሉቭ። ርካሽና ቀላል ስለነበሩ ገና ሥራ የጀመረ ወጣት ይገዛቸዋል። የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው የካሊፎርኒያ ልጆች ደግሞ መኪና ዝቅ አድርጎ ቀስ ብሎ መንዳትን ቀድመው ባህላቸው አድርገውት ነበር። እንዲያውም ግዛቲቱ ከ1958 ጀምሮ ማንኛውም የመኪናው አካል ከቸርኬው የታችኛው ጠርዝ በታች እንዳይወርድ በሕግ ከልክላ ነበር። መለኪያው ለእኛም ይጠቅማል፦ ጎማ ቢፈነዳ መኪናው በቸርኬው ይቁም እንጂ ሆዱ አስፋልት አይንካ።

እኔ የሠራሁት 1991 ቶዮታ ላይ ነው፣ አገር ቤት ሃይሉክስ የምንለው፣ አሜሪካ ግን ፒካፕ ተብሎ ብቻ የተሸጠው። ከጓደኛዬ ጋር ቅዳሜ ጠዋት ጀመርን። ታኮዎቹን፣ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን ረዣዥም ዩ ቦልቶች ጨምሮ፣ ከመቶ ዶላር በታች ነው የገዛሁት። ሻንሲውን በክሪክ አንስተን በመደገፊያ አስቀመጥነው፣ አክስሉን ደግሞ በሌላ ክሪክ ያዝነው። ክሪክ ብቻውን ባነሳው መኪና ሥር አትግቡ፣ እባካችሁ። ከዚያ የዩ ቦልቶቹ ዳዶዎች ሠላሳ ዓመት ዝገው አልላቀቅ አሉ። ዘይት ረጭተን ሻይ ጠጥተን ተመለስን፣ ሦስቱ ተፈቱ፣ የቀሩትን በዲስክ ቆረጥናቸው።

ታኮውን ስታዩት በአንድ በኩል አጭር ጉብታ አለው፣ በሌላው በኩል ቀዳዳ። ጉብታው አክስሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፣ የባሌስትራው የመሃል ቡሎን ጭንቅላት ደግሞ ታኮው ቀዳዳ ውስጥ። ሁለቱም ሙሉ በሙሉ ካልተቀመጡ አክስሉ ወደ ኋላና ወደ ፊት ይንሸራተታል። በጣታችሁ ዳብሳችሁ አረጋግጡ። ዳዶዎቹን በመስቀልኛ፣ ትንሽ በትንሽ አጥብቁ። አሮጌ ዩ ቦልት መልሳችሁ አትጠቀሙ፣ አንዴ ተስቧል። ሁለት ታኮ መደራረብም ሆነ እንጨት ማስገባት ሰው ይገድላል።

ከፊት ታኮ የለም። የእኔን ጨምሮ ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ከፊት ሞላ ሳይሆን ቶርሽን ባር የሚባል ረጅም የብረት ዘንግ አላቸው፣ እየተጠመዘዘ ክብደቱን የሚሸከም። ጫፉ ላይ ማስተካከያ ቡሎን አለ፣ እሱን ስታላሉት ፊቱ ይወርዳል። ወጪው ዜሮ ነው። ከመንካታችሁ በፊት ቡሎኑን በቀለም ምልክት አድርጉበት፣ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ያለውን ርቀትም በሜትር ለክታችሁ ጻፉ። ከዚያ ትንሽ ነድታችሁ እንደገና ለኩ፣ ምክንያቱም ወዲያው ቦታውን አይይዝም። ቀጥሎ አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል፣ የግድ ነው። ዘሎ ያለፈ ሰው ጎማው በውስጥ በኩል ብቻ ሲበላ ያየዋል፣ የአራት ጎማ ዋጋ ደግሞ ከአላይመንቱ በብዙ ይበልጣል።

አሁን ማንም የማይነግራችሁ ነገር። በብዙዎቹ የጃፓን ፒካፖች ከኋላ አክስሉ ጋር በቀጭን ዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አለ። ሥራው ጭነት ሲበዛና ሻንሲው ወደ አክስሉ ሲጠጋ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት መስጠት ነው። ታኮ ስታስገቡ ሻንሲው ይጠጋል፣ ቫልቩም መኪናው ሲሚንቶ የጫነ ይመስለዋል። ባዶ መኪና፣ ዝናብ፣ ድንገተኛ ፍሬን፣ የኋላ ጎማዎች ይቆልፋሉ፣ ቂጡ ይዞራል። መፍትሔው ዘንጉ አክስሉ ላይ የታሰረበትን ቦታ በወረደው ልክ ዝቅ ማድረግ ነው። መኪናችሁ ይህ ቫልቭ ካለው ይህን ሳታደርጉ አትንዱ።

ምን ያህል ይውረድ? እኔ ሁለት ኢንች፣ ቢበዛ ሦስት እላለሁ። ከዚያ በላይ አክስሉ ሻንሲውን መምታት ይጀምራል፣ ሻንሲውን ቆርጦ በብየዳ ማጠናከር ይመጣል፣ ያ ደግሞ የርካሽ ሥራ አይደለም። በሁለት ኢንችም ቢሆን ከአክስሉ በላይ ያለውን የመምቻ ላስቲክ በአጭር ቀይሩት፣ አሞርዛተሩንም እዩት፣ አጥሮ እየተመታ ከሆነ ይለወጥ። መኪናው በፍጥነት ሲሄድ ከሥር የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ኃይሉን ወደ ኋላ የሚያደርሰው የካርዳኑ ዘንግ አንግል ተቀይሮ መገጣጠሚያው ክሮቼራ እየተሰቃየ ነው፣ ቀጭን የብረት ሽብልቅ ያስተካክለዋል። ጭነት የምትጭኑ ከሆነ ደግሞ ለመውረጃ የቀረው ቦታ ጠባብ መሆኑን አስቡ።

መቶ ስድሳ ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳሁ በኋላ ተመልሼ ሥር ገብቼ ዳዶዎቹን በቁልፍ ሞከርኳቸው። ከስምንቱ አምስቱ እንደገና ሩብ ዙር ያህል ጠበቁ።