ያለ ቀዶ ሕክምና ቦርጭ መቀነስ፦ ማሽኖቹ የሚደርሱበትና የማይደርሱበት

አርባን የተሻገረ ወንድ እጅና እግሩ ቀጭን ሆኖ ሆዱ ብቻ ሲቀድመው ማየት የተለመደ ነው። እኛ ዘንድ ቦርጭ ላወጣ ሰው «ተመችቶሃል» ስለሚባል ብዙው አይደነግጥም። የደነገጠው ደግሞ ቶሎ የሚያጠፋለት ነገር ይፈልጋል። ያለ ቢላ ስብ እንቀንሳለን የሚሉ ማሽኖች ዋና ደንበኛቸው ይሄ ሰው ነው።

ሆድ ላይ ሁለት ዓይነት ስብ አለ። አንዱ ከቆዳ ሥር ያለው፣ በጣት የሚቆነጠጠው ነው። ሌላው ከሆድ ጡንቻ ጀርባ፣ በአንጀትና በሌሎች የሆድ ዕቃዎች ዙሪያ የሚከማቸው የውስጥ ስብ ነው። ከስኳር በሽታና ከልብ ሕመም ጋር ይበልጥ የሚያያዘው ይሄኛው ነው። ወንዶች ላይ በብዛት የሚጠራቀመውም እሱ ነው። እንደ ከበሮ ተወጥሮ ለመቆንጠጥ የሚያስቸግር ቦርጭ አብዛኛው ስቡ ውስጥ ነው።

ከሕክምናዎቹ በጣም የታወቀው ስብን በቅዝቃዜ የሚገድለው ክራዮሊፖሊሲስ ነው። አመጣጡ ደስ ይላል። የበረዶ ከረሜላ የጠቡ ሕፃናት ጉንጫቸው ቀልቶ እንደሚያብጥ ሐኪሞች ያስተውሉ ነበር። ቅዝቃዜው ቆዳውን ትቶ ስቡን ነበር የሚጎዳው። ቦስተን ባለው የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ዲተር ማንስታይንና ሮክስ አንደርሰን ይህን ወደ ሕክምና ቀየሩት። ኩልስካልፕቲንግ የተባለው ማሽን በ2010 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ለጎን፣ በ2012 ለሆድ የአሜሪካን የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ አገኘ።

ታካሚው ጋደም ይላል። ብርዱ ቆዳውን እንዳያቃጥለው ጄል የተነከረ ጨርቅ ይደረግበታል። ማሽኑ የተቆነጠጠውን ስብ ወደ ውስጥ ስቦ ያቀዘቅዘዋል። መጀመሪያ ይቆነጥጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ይደነዝዛል። ከ35 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ስልክ እየነካኩ መጠበቅ ነው። ማሽኑ ሲነሳ ቦታው ደርቆ ይጠነክራል፤ ባለሙያው ሁለት ደቂቃ ያህል አጥብቆ ያሸዋል። የሞቱትን ሴሎች ሰውነት ቀስ እያለ ስለሚያስወግዳቸው ውጤቱ የሚታየው ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ነው። በታከመው ቦታ የስቡ ውፍረት ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ይቀንሳል። ሚዛን ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ የለም።

በሙቀት የሚሠሩም አሉ። ስካልፕሹር የተባለው ሌዘር በ25 ደቂቃ ስቡን ከቆዳ ሥር ያሞቀዋል። የሆድ ጡንቻን በማግኔት የሚያኮማትሩ ማሽኖችም ወጥተዋል። ዲኦክሲኮሊክ አሲድ የተባለው መርፌ ግን የተፈቀደው ለአገጭ ሥር ስብ ነው፤ ለቦርጭ ልውጋህ የሚል ካለ መጠርጠር ነው።

ቅዝቃዜው አንድ ክፉ ጣጣ አለው። አልፎ አልፎ የታከመው ስብ በመቀነስ ፈንታ ያድግና ይጠነክራል። ይህ ችግር ወንዶች ላይ በርከት ብሎ ተመዝግቧል። ካናዳዊቷ ሞዴል ሊንዳ ኢቫንጀሊስታ በ2021 ደረሰብኝ ብላ በይፋ ከተናገረች በኋላ ብዙ ሰው አወቀው። መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ ያው የተፈራው ቀዶ ሕክምና ነው። ሆዱ ላይ ሄርኒያ (አንጀት በሆድ ጡንቻ ክፍተት ገፍቶ የሚወጣበት ችግር) ያለበት ሰውም አስቀድሞ መመርመር አለበት።

ትልቁ ነገር ግን ማሽኖቹ የሚደርሱት ከቆዳ ሥር ላለው ስብ ብቻ መሆኑ ነው። በ2004 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 15 ወፍራም ሴቶች ላይ በቀዶ ሕክምና 10 ኪሎ ገደማ ከቆዳ ሥር ያለ ስብ ቢወጣም የደም ግፊታቸውም ሆነ ኢንሱሊን አጠቃቀማቸው እንዳልተሻሻለ አሳይቷል። ያን ያህል ስብ ወጥቶ ካልተሻሻለ፣ ጥቂት ሚሊሜትር የሚያሳሳ ማሽን ለጤና ብሎ መግዛት ለእኔ ገንዘብ ማባከን ነው። ለመልክ ከሆነ፣ ክብደቱ ብዙም ላልጨመረና የሚቆነጠጥ ስብ ላለው ሰው ያስኬዳል።

የውስጡ ስብ የሚታዘዘው ምግብና መጠጥ ሲቀነስ፣ ሰውነትም ሲንቀሳቀስ ነው። ደግነቱ ክብደት ሲቀንስ ቀድሞ ከሚሄደው አንዱ እሱ ነው። በሐኪም የሚታዘዙት እንደ ሴማግሉታይድ ያሉ የክብደት መቀነሻ መርፌዎችም ይቀንሱታል። ለመከታተል የልብስ ሰፊ ሜትር በቂ ነው። ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መሀል ላይ፣ ትንፋሽ ወጥቶ ሳለ ይለካል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ለአውሮፓና ከሰሃራ በታች ላሉ ወንዶች የሚጠቀምበት የወገብ ልክ ወሰን 94 ሴንቲ ሜትር ነው። የሱሪ ቁጥር አያስተማምንም፤ ብዙ ወንድ ሱሪውን የሚታጠቀው ከቦርጩ ሥር ነው።