የጠራ ሌንስ ለምን ይወጣል? ማዕዘን ዘጊ ግላኮማና ቀዶ ሕክምናው

ግላኮማ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ማዕዘን ዘጊ የሚባለው ዓይነት የሚመጣው በዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ መውጫ ሲዘጋ ነው። መውጫው አይሪስ (ባለቀለሙ የዓይን ክፍል) እና ኮርኒያ (የዓይን የፊት ግልጽ ሽፋን) በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ይገኛል። እሱ ከተደፈነ ፈሳሹ ይጠራቀማል፣ ግፊቱ ያሻቅባል፣ የእይታ ነርቭ ይጎዳል። በዚህ የጠፋ እይታ ደግሞ አይመለስም።

ብዙውን ጊዜ የችግሩ ምንጭ ከአይሪስ ጀርባ ያለው የዓይን ሌንስ ነው። ሌንስ ዕድሜ በገፋ ቁጥር ይወፍራል። በተፈጥሮው አነስ ያለ ዓይን ውስጥ ለዚህ የሚሆን ቦታ የለም። ስለዚህ ሌንሱ አይሪስን ወደ ፊት ይገፋና ማዕዘኑን ያጠብበዋል።

የተለመደው ሕክምና በሌዘር አይሪሱን መብሳትና ግፊት የሚቀንስ ጠብታ መስጠት ነው። ቀዳዳው ለፈሳሹ አቋራጭ ይከፍትለታል። ወፍራሙ ሌንስ ግን እዚያው ነው።

ሌላው መንገድ ሌንሱን ራሱን ማውጣት ነው። ቀዶ ሕክምናው የዓይን ሞራ ሲወጣ ከሚደረገው አይለይም። በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ ሌንሱን በአልትራሳውንድ ሰባብሮ መምጠጥ፣ ከዚያ ቀጭን ሰው ሠራሽ ሌንስ መተካት ነው። ቦታ ይገኛል፣ አይሪሱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ማዕዘኑ ይከፈታል።

ሞራ የሌለበትን ሌንስ ማውጣት ግን ብዙዎችን ያስደነግጣል፤ ቢያስደነግጥም አይፈረድባቸውም። መልስ የሰጠው በ2016 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው «ኢግል» የተባለው ጥናት ነው። 419 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ሁሉም 50 ዓመት የሞላቸውና ሞራ የሌለባቸው ነበሩ። ግማሾቹ ሌንሳቸው ወጣ፣ የቀሩት በሌዘርና በጠብታ ታከሙ። ከ3 ዓመት በኋላ የግፊቱ ልዩነት ትንሽ ነበር፤ በአማካይ ሌንሳቸው በወጣላቸው 16.6፣ በሌሎቹ 17.9 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ። ትልቁ ልዩነት ሌላ ቦታ ነው። ሌንሳቸው ከወጣላቸው መካከል ተጨማሪ የግላኮማ ቀዶ ሕክምና ያስፈለገው 1 ሰው ብቻ ሲሆን፣ በሌላው ወገን 24 ነበሩ። ጠብታ የተገላገሉትም በጣም ይበዙ ነበር። ዕድሜ ልክ ጠብታ መግዛት ለሚከብደው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ውጤቱ ለሁሉም አይሠራም። ጥናቱ የያዘው ግላኮማ የያዛቸውን፣ ወይም ማዕዘናቸው ተዘግቶ ግፊታቸው 30 እና ከዚያ በላይ የደረሰውን ነው። ማዕዘኑ ጠበብ ስላለ ብቻ ወደ ቀዶ ሕክምና መሮጥ አያስፈልግም። አይሪሱ ከማዕዘኑ ጋር ለረጅም ጊዜ ተጣብቆ ከቆየ ደግሞ ሌንስ ማውጣት ብቻውን ላይበቃ ይችላል። ገና ቅርብ አጥርቶ የሚያይ ሰውም ከዚያ በኋላ ለንባብ መነጽር ሊያስፈልገው ይችላል።

ዓይን ድንገት ቀልቶ ከባድ ሕመም፣ ብዥታና ማስታወክ ከመጣ ግን ነገ ይደረሳል አይባልም። በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መሄድ ነው። መጀመሪያ ግፊቱ በመድኃኒት ይወርዳል፤ የሌንሱ ጉዳይ ዓይኑ ከተረጋጋ በኋላ ይታያል።