ሰፊው ስኪ፦ ቤተዘመድ ያለውና እውነታው

ውጭ አገር ሳለሁ ሰፊና ጫፉ ወደ ላይ የተቆለመመ የፓውደር ስኪ፣ ማለትም ለጥልቅና ለስላሳ በረዶ የተሠራ መንሸራተቻ፣ ሞክሬ ነበር። ቪዲዮውን ደብረ ማርቆስ ለቤተዘመድ ሳሳይ አስተያየቱ ዘነበ። ያልተዋጠልኝን አንድ በአንድ ልመልስ።

«ጮቄ ላይስ በረዶ ይጥል የለ? እዚያ ሞክረው።» ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ነጭ ለብሶ ሲታይ እውነትም ያታልላል። የሚጥለው ግን በብዛት እንደ ጠጠር ያለ የበረዶ ፍሬ ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይሟሟል። ከሥሩ ደግሞ ጓሳና ድንጋይ አለ። ስኪውን ይፍቀዋል እንጂ አያንሳፍፈውም። ፓውደር ሌላ ነገር ነው፤ ደረቅ፣ ብናኝ፣ በአየር የተሞላ። አንድ ሜትር ኩብ አዲስ ፓውደር ብዙ ጊዜ ከ100 ኪሎ በታች ነው፤ ያው መጠን ውሃ 1,000 ኪሎ ይመዝናል። እዚያ ውስጥ ጠባብ ስኪ ይሰምጣል። ሰፊው የተሠራው ለዚህ ነው።

«ይሄማ ተጣሟል፣ ሸውደውሃል!» ያሉት አጎቴ ናቸው። የጣና ታንኳ አፍንጫው ለምን ቀና እንደሚል ለሚያውቅ ሰው ይሄ አይጠፋውም። ቅርጹ ሮከር ይባላል። መለየቱም ቀላል ነው፤ ሁለቱን ስኪዎች ሆድ ለሆድ አጋጥማቸው። የተለመደው ስኪ ጫፍና ጭራው ይነካካል፣ መሃሉ ክፍተት ይተዋል። ሙሉ ሮከር የሆነው መሃሉ ገጥሞ ጫፎቹ ይራራቃሉ። ታዋቂው የስኪ ሰው ሼን ማኮንኪ ሐሳቡን የወሰደው ከውሃ ላይ ስኪ ነው፤ ስፓቹላ የተባለው ስኪው በ2002 እ.ኤ.አ. ወጣ።

«ሰፊ ከሆነ የትም ይሄዳል።» ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የፓውደር ስኪ ወገቡ (የመሃሉ ስፋት) በአብዛኛው ከ110 ሚሊሜትር ይበልጣል፤ በማሽን ለተደለደለ ቁልቁለት የሚሠራው 70 ወይም 80 ገደማ ነው። ጠንካራ በረዶ ላይ ሰፊውን በጠርዙ ማቆም አቅም ይጨርሳል፤ ጉልበቴ ምስክር ነው። ጫፉ በረዶውን ስለማይነካ ይርገበገባል፣ ጠክ ጠክ ይላል። ይሄን አይቶ «አይረባም» ያለ ሰው ስኪውን ሳይሆን ቀኑን ነው የሳተው። ደህና በረዶ በጣለ ማግስት ካልሆነ ባይሞክረው ይሻላል።

«ወደ ኋላ ተለጥጠህ ቁም።» የድሮ ምክር ነው፤ ጠባቡ ስኪ አፍንጫው እንዳይሰምጥ። ሮከር ላይ መሃል መቆም ነው፣ ጫፉ ራሱ ይወጣል።

«ረዘመብህ፣ አጠር ያለ ያዝ።» በተቃራኒው! ጫፉ ስለሚነሳ በረዶ የሚቆነጥጠው ክፍል ያጥራል። ከለመዱት 5 ወይም 10 ሳንቲሜትር የሚረዝም መውሰድ የተለመደ ነው።

«ሐበሻና ስኪ ምን አገናኛቸው?» ሮቤል ተክለማርያም በ2006 እ.ኤ.አ. በቱሪን የክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳድሯል። የእሱ ግን አገር አቋራጭ ነው፤ ስኪው ወገቡ 5 ሳንቲሜትር አይሞላም። በዚያ ቀጭን ስኪ ጥልቅ ፓውደር ውስጥ ልግባ የሚል ካለ፣ አካፋ ይዞ ይምጣ።